ከፐርሰንት ምልክት በኋላ የተጻፈው

አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ ዓይናቸውም አብሮ ደከመ። ደግነቱ ዓይናቸው ሳይከዳቸው በፊት፣ ለዓመታት የለፉበትን አንድ የሒሳብ ማረጋገጫ በኮምፒውተር አሳምረው ጽፈው ጨርሰው ነበር። ልጃቸው ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከሒሳብ ጋር ከተኳረፈች ቆይታለች። ጥናቶች መጽሔት ላይ ከመውጣታቸው በፊት ወደሚለጠፉበት ድረ ገጽ ላኪልኝ ሲሏት ግን፣ ይሄማ ምን ችግር አለው ብላ ፒዲኤፉን ላከችው።

ድረ ገጹ መለሰባት። ያለቀለትን ገጽ ብቻ አንቀበልም፣ ገጹ የተሠራበትን ምንጭ ፋይል አምጪ ነው ነገሩ። ምንጩ ደግሞ አሮጌው ኮምፒውተር ሲቃጠል አብሮ ሄዷል።

«ሙሽራዋን ይዘን ብንሄድ እናቷን አምጡ አሉን» አሉ አባቷ። «ተይው በቃ፣ ልጄ።»

አልተወችውም። ከሥራ ስትገባ ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው ቁጭ ትላለች። እሷ ከፒዲኤፉ ላይ ምልክቱን ስትገልጽላቸው፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ኮምፒውተሩ ያንን ምልክት እንዲያወጣ የሚጻፈውን ትእዛዝ ይነግሯታል፤ እሷ ትጽፋለች። አንዲት ቅንፍ ከተረሳች ገጹ እንዳለ ይበላሻል።

«ዘግተሻታል?»

«ዘግቻታለሁ፣ አባባ።»

«እስቲ እንደገና እያት።»

በፐርሰንት ምልክት የሚጀምር መስመር ገጹ ላይ እንደማይታይ የነገሯትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ያቆሙበትን እንዳትረሳ «አባባ እዚህ ጋ ደከማቸው» ብላ ጻፈች። እየቆየች ሌላም ጨመረች፦ «ዛሬ ጉልበታቸውን አሟቸዋል።» «ይህቺን መስመር ሲያስረዱኝ እማዬን አነሷት።»

ጥናቱ ተለጠፈ። ስማቸውን ስታነብላቸው፣ «ድገሚው» አሉ።

ጥቂት ሰንብቶ አንድ የማያውቁት ኢትዮጵያዊ ምሁር በእሷ አድራሻ ጻፈ። አንድ እርምጃ አልገባኝም ካለ በኋላ፣ «ምንጭ ፋይሉን አውርጄ አነበብኩት፤ የአባትሽ ጉልበት ተሻላቸው?» ይላል።

ክው አለች። ለካ ምንጩን ማንም ማውረድ ይችላል። እያፈረች ነገረቻቸው።

«እናትሽን ያነሳሁበትንም አንብቦታል?»

«ሳያነበው አይቀርም።»

«ያቺን መስመር ያገኘኋት እሷን ሳስታምም አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ስሟን ልጽፍ አስቤ፣ በሒሳብ መሀል ምን ይሉኛል ብዬ ተውኩት።»

«አጥፍቼው እንደገና ልላከው እንዴ፣ አባባ?»

«አታጥፊው። ይልቅ ጥያቄውን አንብቢልኝ፤ ሰውየው መልስ ይጠብቃል።»

ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠግታ ማንበብ ጀመረች።