ዲላ ሱቅ የዘጋች ጊዜ

ማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ ተናጋሪ ሆኜ የተቀጠርኩ ዕለት ሹፌራችን በራሶ ማይክራፎኑን ሰጠኝና፣ «ከአፍሽ ትንሽ አርቂው። አትጩሂ፤ መጮህ የሞንታርቦው ሥራ ነው» አለኝ። የክትባት ማስታወቂያ እየተናገርን በመኪናችን እስከ አጎራባቿ ጪጩ ሄድን፤ እኔ በአማርኛ፣ እሱ በጌዴኦኛ። ስንመለስ ድምፄ አልተዘጋም። ሥራው እንደሚሆነኝ ያኔ አወቅሁ።

የግብሩ ነገር የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ገማች ኮሚቴ በየሱቁ ዞሮ የቀን ገቢ ገመተ። ግብሩ እጥፍ የሆነበት ነጋዴ ብዙ ነበር። አቤት ቢሉ ሰሚ አጡ። አንድ ማለዳ በዋናው መንገድ አንድም ሱቅ ሳይከፈት ቀረ። ሳሙና እንኳ የሚሸጥ ጠፋ።

ኃላፊያችን አቶ ታምራት አስጠሩኝ። «እስከ ነገ ያልከፈተ ይታሸጋል ብለሽ ተናገሪ።»

«ቅሬታ ያለው የት ይምጣ ልበል?»

«የምን ቅሬታ! ገንዘቡ ካልገባ መንገዱን በምን ልጠግን ነው? የመኪናችሁንስ ነዳጅ?»

«ይህንኑ ለእነሱ ይንገሯቸዋ። ከታሸገ በኋላ ማን ከማን ጋር ይነጋገራል?»

ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። እኔም አልወጣሁም። በመጨረሻ፣ «ነገ ጠዋት አዳራሽ ይምጡ በይ። እኔው እቀመጣለሁ» አሉ።

ባለሸቀጡ ሐጂ ሸምሱ ከተዘጋው ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ነበር። «ልታሳሽጊን መጣሽ?» አሉኝ።

ማይክራፎኑን ዘግቼ ወረድኩ። «አይ ሐጂ፣ ልጠራችሁ ነው። ኃላፊው ራሳቸው ይቀመጣሉ።»

«ባይመጡስ?»

«ሁለተኛ እኔን እንዳትሰሙኝ።»

አዳራሹ ሞላ። ያን ጠዋት በሩን በሩን ሳይ ቆየሁ። አቶ ታምራት ገቡ።

«ግብር አንከፍልም አላልንም» አሉ ሐጂ ሸምሱ። «ሳናገኝ አገኛችሁ ስለተባልን ነው የዘጋነው።»

«ግምቱ ዝቅ ካለ ከወጪ መቀነስ አለብኝ። ምን ልቀንስ?»

«የስብሰባ አበል! የመኪና ነዳጅ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መኪናዋ እኔው የምሠራባት መሆኗ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው።

ግምቱ እንደገና እንዲታይ ተስማምተው ተለያዩ፤ በማግስቱ ሱቆቹ ተከፈቱ። የነጋዴ ተወካዮች የገቡበት ኮሚቴ ግምቱን እንደገና አየው፤ ለብዙዎቹ ቀነሰ፣ ለአንዳንዶቹ እንዳለ ጸና። የመንገዱ ጥገና ለሌላ ዓመት ተላለፈ፣ መኪናችንም ቆመች። በራሶ ወደ ቆሻሻ መኪና ተዛወረ። እኔ ጡረታ እስክወጣ በእጅ ድምፅ ማጉያ በእግሬ እየዞርኩ ተናገርኩ። ጫማ ጨረስኩ እንጂ ሥራው አልጎደለም።

ሥራውን የተረከባችሁ፣ ማስታወቂያ ሲሰጣችሁ ሰው የት ሄዶ መልስ እንደሚሰጥበት ሳትጠይቁ ከቢሮ አትውጡ።