ጥላ ሥር የተቀመጠችው ሶላር

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መሐንዲስ ሶዶ ወዳለው ሱቄ ገባ። እሱና ባልደረቦቹ ለአንድ ቀበሌ በሙሉ ሶላር ሊያስገቡ አስበው፣ እሱ ዋጋ እያጠያየቀ ነው። ስልኩን እያየ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ፓኔል ከሚያርፍበት ፀሐይ ምን ያህሉን ነው ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው?» አለኝ።

«ከአምስት እጅ አንዱን» አልኩት። «ያውም ከቀናው።»

ፊቱ ቅር አለው። እኔ ግን ሳቄ መጣ። በወጣትነቴ ከማወራው ውስጥ እውነቱ ከአምስት እጅ አንዱ ብቻ ነበር፤ ያውም ሲቀናኝ።

ያኔ ባጃጅ ገና ሶዶን አላጥለቀለቃትም። እኔም ፋኖስና የባትሪ ድንጋይ ነበር የምሸጠው። ሶላር ያመጣሁት ሌላ ነጋዴ ስላላመጣው እንጂ ስለማውቀው አልነበረም። ሁለት አምፖል ሲያበራ አይቻለሁ፤ እውቀቴ እዚያ ላይ ያበቃል። አንድ የገበያ ቀን ጋሽ ዳልኬ የሚባሉ ሰው መጡ። ከገሱባ ማዶ ባለ መንደር የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ቀጭን፣ ንግግራቸው የማይቸኩል። ፓኔሉን ግራና ቀኝ አገላብጠው፣

«ይሄ ፀሐይ ውኃ ከወንዝ ይጎትታል?» አሉኝ።

«ውኃ ብቻ? ወንዙን ራሱ ይጎትታል!»

ሳይስቁ አዩኝ። መንደሩ ዳገት ላይ ነው፤ ሴቶቹ በቀን ሁለት ጊዜ ታች ወርደው ቀድተው ይወጣሉ። ምእመኑ ተሰብስቦ ስድስት ፓኔልና አንድ ፓምፕ ከእኔ ለመግዛት ቆረጠ።

ጥር ላይ ወሰድንላቸው። የገሱባ መንገድ ያኔ መኪናን አጥንቱን ይቆጥርለት ነበር። መኪናው አልሄድም ካለበት ጀምሮ ፓኔሎቹን ወጣቶች እንደ ሙሽራ ዕቃ በራሳቸው ተሸክመው፣ እየዘመሩ ዳገቱን ወጡ። እኔ ከኋላ ቀይ አቧራቸውን እየበላሁ ተከተልኩ።

ችግሩ ቦታ ነበር። በዚያ አገር ባዶ መሬት የለም፤ ከደጃፍ እስከ አጥር እንሰት ነው፣ ቡና ነው፣ ስኳር ድንች ነው። የተገኘው የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲሆን እዚያም አንድ ትልቅ አቮካዶ አለ። ጋሽ ዳልኬ ፓኔሎቹን ከዛፉ አስጠግተው አስደረደሩ።

«ጥላው እንኳ ብዙም አይስማማውም» አልኩ በለሆሳስ።

«እንግዳ እኮ ነው! እንግዳ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል እንዴ? ቢሰነጠቅስ?»

ደንበኛን አለመቃወም የንግድ ሀ ሁ ነው። ደግሞም ጠዋት ጥላው በወዲያ በኩል ነበር። ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፓምፑን አስነሣሁት። ቧንቧው ሁለት ጊዜ ሳለና ውኃውን ተፋው። እልልታው ገሱባ ድረስ የተሰማ መሰለኝ። እማማ ዶርቃ የሚባሉ፣ ጉልበታቸው የታመመ ባልቴት፣ መዳፋቸውን ከውኃው ሥር ይዘው ቆሙ። ጄሪካናቸውንማ አፉን ቆርጠው፣ አፈር ሞልተው፣ የቡና ችግኝ ተክለውበት ነው የመጡት። የእኔን ቃል አምነው፣ ከእንግዲህ ወንዝ አልወርድም ብለው!

ተጸለየ። የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ቀረበ። ዳጣው ዓይኔን እያስለቀሰኝ ሁለተኛውን ስጎርስ ውኃው ቀጠነ፤ ከዚያ ቆመ። ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር።

«ፀሐይ ምሳ ወጣች!» አለ አንዱ ጎረምሳ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«የሶዶ ነጋዴ! ወንዙን ጎትት እንጂ!» አለ ሌላው።

ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። ሽቦውን ነካካሁ፤ ፓምፑን ደበደብኩ። መጨረሻ ላይ አየሁት፦ ስድስተኛው ፓኔል ጥግ ላይ የሰፌድ ያህል የአቮካዶ ጥላ አርፏል። «ቢበዛ ከስድስት አንዱ ይቀነሳል እንጂ ሁሉም እንዴት ይቆማል?» አልኩ ጥላውን በጣቴ እያሳየሁ። በነጋዴ ሒሳብ አልገጥምልኝ አለ።

እማማ ዶርቃ ከአንዱ ፓኔል ወደ ሌላው የሚሄደውን ሽቦ በምርኩዛቸው ተከተሉ። «እጅ ለእጅ ተያይዘዋል?» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ይሄን ቤተ ክርስቲያን በደቦ ስንሠራ ለጭቃው ውኃ ከወንዝ የወጣው እንዲህ ነው። ተሰልፈን፣ ከእጅ እጅ። አንዷ ጥላ አይታ ቁጭ ካለች ውኃው እዚያው ይቀራል፤ የሌላው ጉልበት ምን ይሠራል?» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ጥላ እንደማይስማማው ታውቅ ነበር?»

«ትንሽ አውቅ ነበር።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ጋሽ ዳልኬን ላለማስቀየም።»

«እሱን ላለማስቀየም እኔን ወንዝ ልታወርደኝ! ያውም ያለ ጄሪካን።»

ይህኛውን ሳቅ ጋሽ ዳልኬም ሳቁት። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከሰማሁት ስድብ ሁሉ ይሄን ያህል ውስጤ የገባ የለም።

ዛፉን እንቁረጥ ያለ ነበር፤ ልጆቻችን የሚበሉት ፍሬ ነው ብለው እናቶች ተቆጡ። ጥላ የማይደርስበት አንድ ቦታ ብቻ ቀረ፦ ከግቢው አጠገብ ያለው የእማማ ዶርቃ ማሳ። ማሳ ማለት ይከብዳል፤ ሁለት አልጋ ቢዘረጋ ይሞላል። ከእሱ ሌላ ደግሞ የላቸውም። ማንም አፍ አውጥቶ አልጠየቃቸውም። ራሳቸው ናቸው የተናገሩት።

«ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ስኳር ድንቹን ነቅዬ ከሥሩ ጎደሬ እተክላለሁ። ጎደሬ ጥላ አይጠላም።»

ረጃጅም የባሕር ዛፍ ቋሚዎች በራሴ ኪሳራ አመጣሁ። ሦስት ቀን እዚያው አድሬ ቆፈርኩ፤ መዳፌ ተላጠ። በአራተኛው ቀን ውኃው ከጠዋት ጀምሮ እስከ ማምሻው ወረደ። እማማ ዶርቃ ችግኙን ወደ መሬት አዛውረው ጄሪካኑን እንደ ባልዲ ይዘው መጡ። ከሰልፉም አንደኛ ሆኑ።

እሳቸው ካረፉ ቆይቷል። በሕይወት ሳሉ ግን ጎደሬው በደረሰ ቁጥር አንድ ዘንቢል በሰው እጅ ሶዶ ድረስ ይልኩልኝ ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ፓኔሉን ጥላ ሥር ላስቀምጠው ሲል እንጣላለን እንጂ ዝም አልልም። የተወሰነ ገበያ አጥቼበታለሁ።

መሐንዲሱ አሁንም ስልኩ ላይ ያሰላል። ከአምስት እጅ አንዱ ብቻ ከሆነ ለቀበሌው ብዙ ፓኔል፣ ለብዙ ፓኔል ደግሞ ብዙ መሬት ያስፈልጋል ብሎ ይጨነቃል። ልክ ነው፤ መሬቱም የሰው ነው።

«ፐርሰንቱን ተወውና አንድ ነገር ንገረኝ» አልኩት።

«ምን፣ ጋሼ?»

«ከሥሩ ምን ልትተክሉ ነው?»