የተባረከው ዓሣ

ዘንድሮ ቀዳም ስዑር ጠዋት ደብረ ብርሃን መንገድ ዳር ቄጤማ ገዛሁ። ሻጯን ልጅ “ከየት የመጣ ነው?” ብላት፣ “እኔ እንጃ እማማ፣ በመኪና ነው የሚመጣው” አለችኝ። አሸተትኩት፤ ጭቃ ጭቃ ይላል። መምሬ ተክሌ ትዝ አሉኝ።

ያደግኩት ከዘመሮ ወጣ ብሎ ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን በታች ዳር ዳሩን ቄጤማ የከበበው ኩሬ ነበር፤ ውኃው ጥርት ያለ፣ ሰዉም ከብቱም የሚጠጣው። የንስሐ አባታችን መምሬ ተክሌ በየዓመቱ ቀዳም ስዑር ከዚያ ያጭዱና በየቤቱ እየዞሩ የትንሣኤውን ምሥራች ያበስራሉ። እኛም ቄጤማውን ግንባራችን ላይ አስረን እንውላለን። ያለ እሱ ፋሲካ የሚመጣ አይመስለንም ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የእርሻ ሰዎች ካርፕ የሚባል ዓሣ ጫጩት በጀሪካን ይዘው መጡ። ልጆቻችሁ ይጠግባሉ አሉን። እኛ እንደሆንን ዘር ስንዘራም በግ ስንገዛም ሳናስባርክ አናልፍም፤ ዓሣው ምን በወጣው ይቅርበት? መምሬ ውኃውን በመስቀላቸው ባረኩና “ይብዛ፣ ይርባ” አሉ። አሜን አልን።

በዛ። ካርፕ ጭቃ እየማሰ ነው የሚበላው። የቄጤማውን ሥር ነቀለው፤ ውኃውን እንደ አተላ አደፈረሰው። ላሞቹ አሽትተው ይመለሱ ጀመር። ዓሣውንማ ማን ይበላዋል? ለእኛ አገር ሰው ዓሣና እባብ ያው ነው። አባቴ አንድ ቀን አስጠብሶ ቀመሰና፣ “አፈር ለመብላትማ ምን አስቸኮለኝ” ብሎ ተፋው።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ኩሬው ዳር አንድ ዘለላ ቄጤማ እንኳ ጠፋ። ቀዳም ስዑር መምሬ ባዶ እጃቸውን መጡ። እናቴ እጃቸውን አየች።

“ምሥራቹ ያው ነው ልጄ” አሏት፤ “እጄ ነው ባዶ።”

“ዓሣው ነው እንጂ አባ፣ እርስዎ ምን አደረጉ?”

“ዓሣውን ማን ባረከው?”

በቄጤማው ፈንታ ግንባራችንን በመዳፋቸው ዳሰሱን። እኔ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ለጥምቀት ውኃውን የሚባርከው ሌላ ቄስ ሆነ። መምሬ ከኋላ ቆመው አሜን ይላሉ። እንዲያ እንዳሉ ዐረፉ።

የገዛሁትን ቄጤማ ግንባሬ ላይ አሰርኩት። ኩሬው ዛሬም እንደደፈረሰ ነው አሉ። መምሬ ጥፋቱን ብቻቸውን ተሸክመውት ሄዱ፤ አሜን ያልነው ግን ሁላችን ነበርን።