የዳምቦያው ጉድጓድ

በኮምፒውተር ብቻዬን የተማርኩት ሥራ፣ አይቼው በማላውቀው ባሕር ሥር ያለው የተፈጥሮ ጋዝ ተቆፍሮ ከመውጣቱ በፊት፣ ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደተቀላቀለበት መገመት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሆሳዕና ተነስቼ ዳምቦያ ስደርስ፣ አባቴ ለዓመታት ተከድኖ የኖረውን የውሃ ጉድጓድ ወርዶ ሊጠርግ ወገቡ ላይ ገመድ አስሯል።

«አባ፣ ያ የምገምተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚህም ሊኖር ይችላል። ይገድላል» አልኩት።

«ስንት ፐርሰንት?» አለኝ እየሳቀ።

«አላውቅም።»

«የባሕሩን አውቀህ የአባትህን ጉድጓድ አታውቅም!»

ይህ ጋዝ ባለበት እሳት አይነድምና፣ ሻማ ለኩሼ በጣሳ ውስጥ አቆምኩና በሲባጎ አወረድኩት። ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ጠፋ።

«ነፋስ ነው» አለ።

ደግሜ አወረድኩት። አሁንም ጠፋ።

«እንግዲያው ገመዱን ስጠኝ፣ እኔ ልውረድ» አልኩት።

ሳቁን አቆመ። ገመዱን ከወገቡ ፈታና ጉድጓዱን መልሶ ከደነው።