ለውሾቹ የመጣ ስጦታ

ወደ መጠለያችን ስጦታ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ብስኩት ነው የሚያመጣው። ባለቤት ላጡ ውሾች ብስኩት ምን ያደርግላቸዋል? እኛው ሠራተኞቹ ነን የምንበላው። እኚህ አባት ግን ባለፈው ሳምንት ባዶ እጃቸውን መጥተው፣ "ምን ቸገራችሁ?" ብለው ጠየቁኝ። ዛሬ የነገርኳቸውን ሁሉ ይዘው መጡ።

ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል፤ ከሕመም ገና መነሣታቸው ያስታውቃል። ከፌስታላቸው መጀመሪያ በረኪና አወጡ፤ ቀጥሎ ታጥበው የታጠፉ አሮጌ ፎጣዎች። እያንዳንዱን ፎጣ ከመስጠታቸው በፊት አንገታቸውን አሸት አሸት ያደርጉበታል። ላባቸውን የሚጠርጉ መስሎኝ ነበር፤ ቀኑ ግን ብርድ ነው። ዓይናቸውም ከውሾቹ ማደሪያ አልተነቀለም።

"የሚፈልጉት ውሻ አለ እንዴ፣ አባባ?" አልኳቸው።

"ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ የኔው ጠፋ። እዚህ መጥቶ እንደሆነ ሽታዬን ያውቀዋል።"

"እንዴት ጠፋ?"

"ሰንሰለቱን በጥሶ ሄደ አለችኝ፣ ልጄ። ስትነግረኝ አልቅሳለች እኮ።"

ላጽናናቸው ብዬ አፌን ስከፍት እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። በጨርቅ የተጠቀለለ ሰንሰለት አውጥተው ከፎጣዎቹ አጠገብ በቀስታ አስቀመጡት።

"ይሄንንም ውሰጂው፤ ይጠቅማችኋል" አሉኝ። "ትናንት ከልጄ አልጋ ሥር ነው ያገኘሁት። አንድ ቦታ እንኳ አልተበጠሰም።"