እሳት ሲነሳ ማን ይቅደም

ቤታችን የተሠራው ሌባ እንዳይገባበት ነው። መስኮቶቹ ሁሉ ፍርግርግ ብረት አላቸው፤ የብረት በሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከውስጥ በቁልፍ ይዘጋል። ባለቤቴ ደብረ ታቦር ላይ እንደዚህ የተቆለፈ ቤት የለም እያለ ሲኮራ ኖሯል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሳሎኑ ሶኬት ተንጣጥቶ መጋረጃውን ሲያቀጣጥለው ነው እኛም መውጣት እንደማንችል የገባን። ባለቤቴ ቆጣሪውን አጥፍቶ እሳቱን በብርድ ልብስ አፈነው። እኔ ያን ጊዜ ቁልፉን ከቦርሳዬ፣ ከካፖርቴ ኪስ፣ ከሶፋው ትራስ ሥር እየፈለግሁ ነበር። በመጨረሻ የተገኘው ከግራ እጄ ነው።

አስተማሪ ነኝና ያለ ዕቅድ የሚሆን ነገር አልወድም። በማግስቱ ቤቱን በደብተር ወረቀት ላይ ሳልኩት፤ ቁልፉን በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፤ መሰብሰቢያችን ግቢ ውስጥ ካለው ጌሾ ሥር እንዲሆን ወሰንኩ። ምልክቱ የድስት ክዳን በጭልፋ መምታት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሁሉ ጣጣ ለአባቴ ነበር። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ከጋፋት በኩል ካለው እርሻቸው መጥተው ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ የሚተኙትም ከኮሪደሩ መጨረሻ ባለችው ክፍል ነው። ሌሎቻችን እግር አለን፤ እሳቸው ያላቸው ከዘራ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ክዳኑን ቀጠቀጥኩት። ባለቤቴ፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቼና ከሐሙሲት ልትጠይቀን የመጣችው የባለቤቴ እህት እየተሯሯጡ መጡና አባቴ በከዘራቸው እስኪደርሱ ጠብቀው በሩ ላይ ቆሙ።

«አባቴ፣ ይቅደሙ» አለች እህቱ ነጠላዋን እያስተካከለች።

«እንግዳ ቆማ እኔ? አይደረግም! ውጪ ልጄ» አሉ አባቴ።

«ኧረ በሞቴ!»

«እኔ ልሙት ብያለሁ!»

ባለቤቴ ሁለቱንም በየተራ ይለምናል፤ ልጆቼ ከኋላ ሆነው ይንከተከታሉ። ትዕግሥቴ አለቀ። «ተቃጥላችኋል! ከተቃጠላችሁም ቆይታችኋል!» ብዬ ጮህኩ። የባለቤቴ እህት «አፍሽን በዳቦ!» ብላ ተቆጣችኝ። እሷ እስክትወጣ ድረስ ማንም ንቅንቅ አላለም።

ስለዚህ ደንብ አወጣሁ፤ በትልልቁ ጽፌም ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። በእሳት ጊዜ ይሉኝታ የለም፤ መጀመሪያ የሚወጡት አባዬ ናቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንግዳችን ሄዳለች፤ ክዳኑን መታሁ። ቀድመውን ወጥተዋል ብለን ጌሾው ሥር ስንሰበሰብ አባቴ የሉም። ንዴቴ እስከ አናቴ ወጥቶ ተመልሼ ገባሁ። ጫማቸውን አድርገው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«አባዬ፣ ክዳኑን አልሰሙትም?»

«ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።»

«ታዲያ ለምን አልወጡም? አንቱ ይቅደሙ ይላል እኮ ደንቡ!»

«ኮሪደሯ ጠባብ ናት» አሉ። «እኔ እየተንፏቀቅሁ ከፊት ብሄድ ልጆቹ በየት ያልፋሉ? ባለፈውም እኮ እንግድነቷን አይቼ አይደለም ያስቀደምኳት።»

«ከእሳቱ ጋር ሊቀሩ ነው ታዲያ?»

«እኔማ ስሞቅ ነው የኖርኩት» አሉና ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። እሳቸውን ለማዳን ብዬ የጻፍኩት ደንብ አልጋቸው ላይ አስቀርቷቸዋል። ያን ሁሉ ቀን ግትርነት ሲመስለኝ የነበረው ለልጆቼ መንገድ መልቀቅ ኖሯል። አፈርኩ፤ ተናደድኩባቸውም፤ ወደድኳቸውም። ወረቀቱን ከግድግዳው ቀደድኩት።

ብየዳ ሠራተኛና ግንበኛ አመጣን። የክፍላቸው መስኮት ብረቱ ተቆርጦ፣ ግድግዳው እስከ ወለሉ ፈርሶ፣ ከውስጥ በመቀርቀሪያ ብቻ የሚዘጋ በር ሆነ። ባለቤቴ ሌባው አሁን አማራጭ አገኘ ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈ።

በሩ ባለቀ ማግስት ክዳኑን መታሁ። ሮጠን ስንወጣ አባቴ ጌሾው ሥር ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«የት ቆያችሁ?» አሉን በኩራት። ከዚያም በጣታቸው እየጠቆሙ እኔን፣ ባለቤቴን፣ ልጆቹን ቆጠሩ። «አራት። ሙሉ ናችሁ፤ የቀረ የለም።»

ትንሿ ልጄ ጠጋ ብላ ጣታቸውን ያዘችና ወደ ራሳቸው ደረት መለሰችው።

«አምስት፣ አባባ» አለቻቸው።