ያለ አበባ የወረዱ ላሞች

ከመንደሩ የወጣነው አመሻሽ ላይ፣ ላሞቹ በሚታለቡበት ሰዓት ነው። ሻንጣችን ደጅ ወጥቷል። እኛ ግን መሄድ አልቻልንም፤ የቀበሌው ሰውዬ ቤቱን ሊረከበን ገና መስኮታችንን እየመረመረ ነበር። (ስዊዞችም ቀበሌ አላቸው፤ ጌማይንደ ይሉታል።) ጣቱን መስታወቱ ላይ ጎተት አድርጎ አየው፣ የዳቦ ምድጃውን ከፍቶ አሸተተ፣ ከዚያ እማዬን እዚህ ጥግ ላይ ትንሽ ውሃ ደርቆ ቀርቷል አላት።

"ባቡር ሊያመልጠን ነው" አለችው በተሰባበረ ጀርመንኛዋ።

ሰውዬው ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ በትሕትና አቀበላት። ሶ እማዬ ከስዊዘርላንድ የወጣችው መስኮት እየወለወለች ነው። እኔ በዚያች በተረፈችኝ ጊዜ ሮጬ የጋሽ ዜፕ በረት ገባሁ።

ጋሽ ዜፕን ላስተዋውቃችሁ። ስማቸው ዜፕ ብቻ ነው፤ "ጋሽ" ያልናቸው እኛ ነን። ሽማግሌን በባዶ ስም መጥራት እማዬን አፏን ይይዛታል። ጥገኝነት ጠያቂ ተብለን እዚያ መንደር ስንመደብ የተሰጠን ቤት ከእሳቸው በረት ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር፤ ላሞቹ ሲያስሉ እኛ ቤት ይሰማል።

መንደሩ እንዴት ያለ ነው መሰላችሁ፤ ሁለት ተራራ፣ መካከሉ ወንዝ። ማዶ ያለው ጎን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል፤ ሆቴሉም ያማሩት ቤቶችም እዚያ ናቸው። የእኛው የጥላው ጎን ይባላል። የበረዶው ወራት ሲገባ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ትወርድና እስከ የካቲት አትታይም፤ ማዶ ያሉት ሲሞቁ እያየን እኛ እንንቀጠቀጣለን። እማዬ በመስኮት እያየች "ፀሐይም በዘመድ ሆነች?" ትል ነበር።

ጋሽ ዜፕ እንደነገሩኝ ከሆነ ድሮ የጥላው ጎን ሰዎች ገመድ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ገደል ላይ ተንጠልጥለው ነበር ለከብቶቻቸው ሣር የሚያጭዱት። መሬቱ ለሁሉም ልጅ ስለማይበቃ የተረፈው ልጅ ይሰደዳል። ስዊዞች ተሰደዱ ሲሉኝ መጀመሪያ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። የአያታቸው ወንድም ግን እውነትም ላም ሊያልብ ካሊፎርኒያ ሄዷል። "ላሞቹ ሲወርዱ እመጣለሁ" ብሎ ነው የወጣው። እናቱ እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ ላሞቹ ሲወርዱ ከኋላቸው ሰው አለ ወይ ብላ ታይ ነበር አሉ።

የላሞቹ መውረድ ማለት እንዲህ ነው። በጋውን ከላይ፣ ደመና በሚነካው ግጦሽ ይከርሙና መስከረም ሲጠባ ወደ መንደር ይወርዳሉ። ግንባራቸው ላይ አበባ፣ አንገታቸው ላይ ድስት የሚያክል ደወል ይታሰርላቸዋል፤ ሰዉ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ይቀበላቸዋል። የእኛ እንቁጣጣሽ ሲሆን የእነሱም ላሞች ይወርዳሉ።

እዚያ በደረስን በመጀመሪያው መስከረም እማዬ ለጎረቤት አበባ ይዘሽ ሂጂ አለችኝ። አደይ የለም፤ አደይ የሚመስል ቢጫ ነገር ከመንገድ ዳር ለቃቀምኩ። ጋሽ ዜፕ ደጅ ስደርስ ላሞቹ እየገቡ ነው። አንዷም አበባ የላትም። ደወልም የለም፣ የሰኮናቸው ድምፅ ብቻ። ሰዎቹ ጸጥ ብለው ቆመዋል። እኔ ላሞቹ አሳዘኑኝ፤ በዓመት በዓል እንዴት ባዶ ግንባራቸውን ይውላሉ ብዬ ከሁሉም ኋላ የምትጎተተዋን፣ ብሩኒ የምትባለዋን አስቁሜ፣ አበባዬን ግንባሯ ላይ ባለው ገመድ አሰርኩላት።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ለካ እኛ ከመድረሳችን ጥቂት ቀደም ብሎ የጋሽ ዜፕ ባለቤት ሮዛ አርፈዋል። ከቤቱ ሰው በሞተበት ዓመት ላሞቹ ያለ አበባና ያለ ደወል ነው የሚወርዱት። ልጃቸው ማሪ አበባውን ልትፈታ እጇን ስትዘረጋ ጋሽ ዜፕ ያዟት።

"ተያት" አሏት። "ሮዛም ቢጫ ትወድ ነበር።"

ለእማዬ ስነግራት ጉንጯን ይዛ "ወይኔ ልጄ፣ ላሞቹ እኮ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነው" አለች። ወዲያው የራሷን ነጠላ ዘቀዘቀችና ይዛኝ ሄደች። ጋሽ ዜፕ በሩን ከፍተው ምን ጎደላችሁ አሉን። ምንም፣ ለቅሶ ልንቀመጥ ነው አለቻቸው። አልገባቸውም፤ ግን አይብ ቆርሰው ሰጡንና ሦስታችንም ዝም ብለን ተቀመጥን። ከዚያ ወዲህ መስከረም በመጣ ቁጥር ለብሩኒ አበባ የማስረው እኔ ሆንኩ።

የተለየናቸው ዕለት በረት ስገባም ጋሽ ዜፕ ብሩኒን እያለቡ ነበር። ቀና አላሉም።

"ካሊፎርኒያ" አሉ። "ከዚህ ቤት እዚያ የሄደ አንድ ሰው ነው።"

"እኔ ላሞቹ ሲወርዱ እመጣለሁ" አልኳቸው።

የማን ቃል እንደሆነ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

አባዬ ቀድሞን ሎስ አንጀለስ ገብቶ በርባንክ በሚባል ሰፈር አንድ ሆቴል የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል፤ ወረቀት ያስጨረሰልን እሱ ነው። አበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ አካባቢ ጓሮ ቤት ሊያከራዩን የመጡት እትዬ ዘነበች ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ከስዊዘርላንድ አልናቸው።

"ጥላችሁት?"

"አዎ።"

"አበሻ ስዊዘርላንድን ትቶ ጓሮ ቤት ሲከራይ ዛሬ ገና አየሁ። ምን አጥፍታችሁ ነው?"

አባዬ "ለእኔ ብለው ነው የመጡት" አላቸው። ከላይ እስከ ታች አዩትና "አንተን አይቼ እኮ ነው የጠየቅኩት" አሉት። ቤቱን ግን ሰጡን፤ መስኮቱንም ማንም አልመረመረም።

እዚህ ፀሐይ የሚቆጥራት የለም። ቢቻል ለጥላው ጎን አንድ ኩባያ እልክ ነበር። ወተቱ ፍሪጅ ውስጥ ስንት ቀን ይቀመጣል፣ ግን የላም ሽታ የለውም። የጉዞ ወረቀታችን ደግሞ ሁልጊዜ በሂደት ላይ ነው። መቼ ያልቃል ብዬ ደውዬ ስጠይቅ ሴትየዋ ሂደቱ ሲያልቅ አለችኝ። ኦኬ። ሶ ዘንድሮ ላሞቹ ሲወርዱ በስልክ እገኛለሁ ብዬ ወሰንኩ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት፣ እዚያ ከሰዓት ሲሆን፣ በዋዜማው የገዛሁትን ቢጫ አበባ ታቅፌ ማሪ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ። አበባውን ለጋሽ ዜፕ ላሳያቸው ነው። ማሪ አነሳችው፤ ሰላም አለችኝ፤ ጋሽ ዜፕስ አልኳት። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ማሪ ይህን አታውቅም፤ ግን በመናገር ፈንታ ስልኩን ወደ መንገዱ አዞረችው።

ላሞቹ እየወረዱ ነበር። ደወል ጠበቅኩ። የሰኮናቸው ድምፅ ብቻ መጣ።

አባዬ ከሶፋው ላይ "ምነው ዘንድሮ አበባ የለም?" አለ። እማዬ በዓል ብላ የለበሰችውን ነጠላ ቀስ ብላ ስትዘቀዝቅ በዓይኔ ጥግ አየሁ።

እኔ ብሩኒን ነው የምፈልገው። ከሁሉም ኋላ መጣች፣ አርጅታለች። ግንባሯ ባዶ ነው። የሚያስርላት የለማ፤ የምታስርላት ካሊፎርኒያ ናት።

ማሪ ስልኩን ወደ ራሷ መልሳ ስታየኝ አበባው አሁንም አገጬ ሥር ነበር።

"ከፍ አድርጊው" አለችኝ።

አበባውን ካሜራው ላይ አስጠጋሁት። መንገዱ ተናወጠ፣ ሰማዩ ዞረ፣ ከዚያ ማሪ አበባዬ የሚታይበትን የስልኳን ፊት ብሩኒ ግንባር ላይ ለጠፈችው። እኔ ጋ የቀረው ጨለማ ብቻ ነው፣ ጥቂት ቡናማ ጠጉርና የላሟ ከባድ ትንፋሽ። እጄ እስኪዝል ያዝኩት፤ እንዳይወድቅባት።